እጅ የምታሳርፍ ትንሽ ክንፍ፦ ስለ ታብ

(በደብረ ብርሃን ለቴክኒክና ለኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለቢሮ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከየመሥሪያ ቤታችሁ ጊዜ ወስዳችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዛሬው ርእሴ ታብ ነው። ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ታብን ያውቃታል፤ በኪቦርዱ ግራ ጠርዝ ላይ ሁለት ተቃራኒ ቀስቶች የተሳሉባት ቁልፍ ናት። እኔ ግን መጀመሪያ ያወቅኋት በአውሮፕላን ጭራ ላይ ነው፤ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ነውና። ኋላ ወደ ማስተማር ስመጣ በቢሮው፣ በመጽሐፉ፣ በመጠጥ ጣሳው ላይ ሁሉ አገኘኋት። በሁሉም ቦታ ከትልቅ ነገር ጠርዝ ላይ የተቀጠለች ትንሽ ነገር ናት፤ በሁሉም ቦታ የተሠራችው ደግሞ የአንድን ሰው ድካም ለመቀነስ ነው። ስለዚህ አንድ ታብ ጥሩ መሆኑን የምለካው ማንን እንዳሳረፈች በመጠየቅ ነው። ዛሬም በዚሁ ጥያቄ ነው የምጓዘው።

ከአውሮፕላኑ ልጀምር። አውሮፕላን ሲበር ሚዛኑ ባለበት አይቆይም። ነዳጅ ይቃጠላል፣ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ይላል፣ መንገደኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ለውጥ አፍንጫው ወይ ቀና፣ ወይ ደፋ ማለት ይፈልጋል። ይህን የሚያርመው በጭራው አግዳሚ ክንፍ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው፣ ኤለቬተር የሚባለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ ኤለቬተሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ጭራው ዝቅ ይላል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። ነፋሱ ግን ኤለቬተሩን ወደ ነበረበት ለመመለስ ያለማቋረጥ ይገፋዋል። ያንን ግፊት የሚሸከመው የአብራሪው ክንድ ነው። ለአንድ ደቂቃ ምንም አይደለም። ለሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ድንጋያማ መሬት ላይ እርፍ ተጭኖ እንደ መዋል ነው፤ ማታ ክንድ እንዴት እንደሚዝል የመንዝ ልጆች ከእኔ የተሻለ ትነግሩኛላችሁ።

ትሪም ታብ የተሠራችው ለዚህ ክንድ ነው። በኤለቬተሩ የኋላ ጠርዝ ላይ የራሷ ማጠፊያ ያላት ጠባብ ቁራጭ ናት። አብራሪው አጠገቡ ያለውን መዘውር ሲያዞር ታቧ ወደ ታች ትታጠፋለች። ነፋሱ ከሥር ሲያገኛት ወደ ላይ ይገፋታል፤ እሷም ኤለቬተሩን ይዛ ትነሣለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ታቧ የምትታጠፈው ኤለቬተሩ እንዲሄድ ከምንፈልገው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ገመዱ ተገልብጦ የታሰረ ይመስለዋል። ትንሽ ሆና ትልቁን ማንሣት የቻለችው በቦታዋ ምክንያት ነው፤ ከዋናው ማጠፊያ ርቃ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠች ጉልበቷ በርቀቱ ልክ ይባዛል። ሚዛኑ ሲገጥም አብራሪው እጁን ከመሪው ቢያነሣ እንኳ አውሮፕላኑ በያዘው ከፍታ ይቀጥላል።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዳግላስ ሲ-47 ነበር። በዚያ አውሮፕላን የመሪ ክፍሎቹን የሚያግዝ የዘይት ግፊት አልነበረም። ከአብራሪው ጎን ካለው ትልቅ መዘውር ተነሥቶ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ እስከ ጭራው የተዘረጋ የብረት ገመድ ነበር ታቧን የሚያንቀሳቅሰው። በእነዚያ አውሮፕላኖች ደጋውንና ቆላውን ያቋረጡ አብራሪዎች የክንዳቸው ዕረፍት በዚያ ገመድ ጫፍ ላይ ነበረች።

ታብ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኤለቬተሩ ሲነሣ በራሷ ወደ ተቃራኒው እየታጠፈች መሪውን የምታቀልል አለች። የዚህ ግልባጭ የሆነች፣ ከዋናው ክፍል ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደች መሪውን ሆን ብላ የምታከብድም አለች። ይህቺኛዋ እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ባሉ፣ የጭራው አግዳሚ ክንፍ እንዳለ በሚንቀሳቀስባቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ትገኛለች። መሪው ከመጠን በላይ ከቀለለ አብራሪው ሳያስበው አብዝቶ ስቦ አውሮፕላኑን ሊጎዳ ይችላልና፣ ክብደቱ ለእጁ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። ሴስና 172 በተባለው ትንሽ አውሮፕላን ጭራ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመው፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚያዞረው ክፍል ጠርዝ ላይ ደግሞ መሬት ላይ ብቻ በጥንቃቄ የምትታጠፍ ቀላል የብረት ቁራጭ አለች፤ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ባለሙያው ትንሽ ያጥፋታል፣ በረራው ይሞከራል፣ እንደገና ይታረማል። በሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፎች ላይም እንዲሁ እየታጠፈች ክንፎቹ በአንድ ደረጃ እንዲዞሩ የምታደርግ ታብ አለች።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ጀርመናዊው አንቶን ፍሌትነር ያሰባት ናት። በእሱ አሠራር አብራሪው የሚያንቀሳቅሰው ታቧን ብቻ ነው፤ ትልቁን ክፍል ነፋሱ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ፍሌትነር እ.ኤ.አ. በ1924 በሸራ ፈንታ በሚሽከረከሩ ረጃጅም ሲሊንደሮች በነፋስ የሚገፋ መርከብ የሠራ ሰው ነው። ነፋስን ከመታገል ይልቅ ማሠራት የሕይወቱ ሙያ ነበረ ማለት ይቻላል። የእሱ ሐሳብ እስከ ትላልቅ የጄት አውሮፕላኖች ዘልቋል።

አንድ ነገር ላስታውስ፤ ትሪም ሲባል ብዙዎቻችሁ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰዎች ያለቁበትን አደጋ እንደምታስቡ አውቃለሁ። እዚያ የተንቀሳቀሰው ታብ ሳይሆን የጭራው አግዳሚ ክንፍ በሙሉ ነው። ከተበላሸ መለኪያ የተሳሳተ መረጃ የደረሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ክንፉን ደጋግሞ አንቀሳቀሰና አፍንጫውን ወደ ታች ደፋው። የእነዚያን ሰዎች ነገር ከዛሬው ርእስ ጋር አላዳብልም፤ ነገር ግን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለሙያችሁ ይጠቅማል።

የታብ ብልሽት ራሱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2011 በአሜሪካ ሬኖ ከተማ በአውሮፕላን ውድድር ላይ የደረሰ ነው። ፒ-51 የተባለው አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላን በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ሳለ የግራ ኤለቬተሩ ትሪም ታብ መርገብገብ ጀመረች፤ ማያያዣዋ ተሰበረ፤ አውሮፕላኑ በድንገት ወደ ላይ ተተኮሰ። አብራሪው በአንድ አፍታ ከመሬት ስበት 17 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ወንበሩ ላይ ተጫነና ራሱን ሳተ። እሱን ጨምሮ 11 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የደረሱት ታቧን የያዙት ቪቴዎች ዳዶ ላይ ነው።

ይህን ዳዶ ቀረብ ብለን እንየው። ተራ ዳዶ አይደለም፤ በመንቀጥቀጥ እንዳይላላ ከውስጡ ጫፍ ላይ ቪቴውን አንቆ የሚይዝ ለስላሳ ቀለበት አለው። በፈታነውና ባሰርነው ቁጥር ያ ቀለበት ይበላል። ከውጭ ስታዩት ግን አዲስ ይመስላል፤ ብረቱ ያበራል፤ ጥርሱ ደህና ነው። እኛ የምንፈትሸው በጣት ነው። ቪቴው ላይ አስገብታችሁ ያለ ቁልፍ በጣታችሁ ብቻ እስከ መጨረሻው ከዞረ ሥራው አብቅቷል፤ ይጣላል። ምርመራው ያሳየው የሬኖው አውሮፕላን ዳዶዎች ቀለበት አርጅቶ መላላቱን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው። አዲስ ዳዶ ዋጋው ምንም አይደለም፤ ውድ የሚሆነው ለመፈተሽ የሚቆም ሰው ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የመካኒክ ተማሪዎች በአውሮፕላንም ሆነ በመኪና ላይ ስትሠሩ የጣታችሁን ፍርድ እንዳትዘልሉት አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው የነፋስ ጉዳይ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ነፋስን አይንቅም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2017 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኤምዲ-83 የተባለ አውሮፕላን 116 ሰዎችን ጭኖ ለመነሣት ይንደረደራል። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን የአብራሪው መሪ በቀጥታ የተያያዘው ከኤለቬተሩ ጋር ሳይሆን ጠርዙ ላይ ካለችው ታብ ጋር ነው፤ የፍሌትነር ሐሳብ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ከበረራው በፊት ቆሞ በሰነበተበት ቦታ ኃይለኛ ነፋስ ኤለቬተሩን እያንገላታ ከልኩ አሳልፎት ነበር፤ ከመሪው ጋር ያልተያያዘች የሌላ ታብ ማያያዣ ታጥፎ ተቆለፈ፤ ኤለቬተሩንም አሠረው። አብራሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት መሪውን ሲሞክሩት ምንም አልጎደለበትም፤ የሚያንቀሳቅሱት ታቧን ብቻ ስለሆነ ኤለቬተሩ መታሰሩን እጃቸው ሊያውቅ አይችልም። ፍጥነቱ ሞልቶ ካፒቴኑ መሪውን ሲስብ አፍንጫው አልነሣም አለ። መነሣትን ማቋረጥ ከሚፈቀድበት ፍጥነት አልፈዋል፤ የሠለጠኑበት ደንብ ቀጥል ይላል። ካፒቴኑ ግን ይህ አውሮፕላን እንደማይነሣ ገብቶት ፍሬን ያዘ። ከመንደርደሪያው አልፈው፣ አጥር ጥሰው ቆሙ፤ የሞተ ሰው የለም። የእጅን ድካም የምትቀንስ መሣሪያ ከእጅ ስሜትም እንደምትቀንስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም። ስለዚህ ታብ ያለበት ነገር ሁሉ በዓይን ጭምር መፈተሽ አለበት፤ እጅ ብቻ ምስክር አይሆንም።

ከሰማይ ወርደን ወደ ሱቅ እንግባ። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ላይ ያለችውን ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋት የኦሃዮው ኧርማል ፍሬዝ ነው። የእሱ ቀለበት ስትሳብ ከነክዳኗ ተገንጥላ ትወጣ ነበር፤ በየሜዳው ተጥላ እግር ትቆርጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1975 ዳንኤል ኩድዚክ የሠራት ግን ጣሳው ላይ እንደተያያዘች ትቀራለች፤ ዛሬ የምንከፍታት እሷን ነው። ስትከፍቱ ቀስ ብላችሁ እዩዋት። መጀመሪያ ጣታችሁ ሲያነሣት አፍንጫዋ ክዳኑን ተደግፎ መካከል ላይ ያለውን ምስማር ወደ ላይ ይስባል፤ ክዳኑ ጥቂት ይሰነጠቅና የታመቀው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ እንደወጣ መደገፊያው ይለወጣል፤ አሁን ምስማሩ ራሱ መደገፊያ ይሆንና አፍንጫዋ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አንዲት ቀለበት በአንድ ጊዜ ስትሳብ ሁለት ዓይነት መፈንቅል ሆነች ማለት ነው። የፊዚክስ መምህራን መፈንቅልን በሥዕል ብቻ ከምታስተምሩ አንድ ጣሳ ይዛችሁ ክፍል ግቡ።

አሁን ወደ ራሳችን ቅርስ። የብራና መጻሕፍቶቻችን በድሮ ልማድ የገጽ ቁጥር የላቸውም። ታዲያ ወፍራም መጽሐፍ የያዘ ዲያቆን ሰው ቆሞ እየጠበቀው የሚፈለገውን ንባብ እንዴት ያገኛል? በብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ፣ ከቅጠሉ የውጭ ጠርዝ፣ ቀለም ያለው ክር ተሰፍቶ ይገኛል፤ ሥዕል ያለበትን ወይም ዋና ክፍል የሚጀምርበትን ቦታ ያመለክታል። መጽሐፉ ተዘግቶ እያለ ከጎን ይታያል፤ ጣት ይዳስሰዋል፤ ብርሃን ባነሰበት ሌሊትም ያገለግላል። ይህች ክር ሙሉ ታብ ናት። በመንዝ፣ በተጉለት፣ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ያደጋችሁ ልጆች አባቶችን አስፈቅዳችሁ ብራና የማየት ዕድል ስታገኙ ሥዕሉን ብቻ አትዩ፤ ጠርዙንም እዩ። ያቺን ክር የሰፋው ሰው ከእሱ በኋላ የሚያነብን፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው ያስብ ነበር።

በምዕራቡ ዓለም በካርድ ጠርዝ ላይ ብቅ የምትለዋን ታብ ጄምስ ኒውተን ገን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በፈጠራ መብት አስመዘገባት። ለቤተ መጻሕፍትና ለንግድ ቤት ካርዶች የታሰበች ነበረች። የቢሮ ፋይል ክላሴር ውስጥ የምታዩዋቸው የፊደል መለያዎች የእሷ ልጆች ናቸው። የኢንተርኔት ማሰሻ ታቦችም መልካቸውን የወሰዱት ከዚያ ነው፤ ኢንተርኔትዎርክስ በሚባል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ታይተው በ2006 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም ከተቀበላቸው በኋላ የሁሉም ሆኑ። ስለ እነሱ ብዙ አልናገርም፤ በየቀኑ ትከፍቷቸዋላችሁ።

የቢሮ ሠራተኞች ግን እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። መሥሪያ ቤቶቻችን የሚጽፉትን ደብዳቤ አስቡ። በቀኝ በኩል ከላይ «ቁጥር» እና «ቀን» ይጻፋል። አብዛኛው ጸሐፊ እዚያ ለመድረስ የባዶ ቦታውን ረጅም ቁልፍ ደጋግሞ ይመታል። በእሱ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ቃላት እኩል ተሰልፈዋል። ፋይሉ ወደ ሌላ ቢሮ ይሄድና ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ የተጻፈው በሌላ ቅርጽ ይተካል፤ «ቀን» ወደ ግራ ይሸሻል፣ «ቁጥር» ወደ ታች መስመር ይወርዳል። የሠራተኛ ስምና ደመወዝ የያዘ ዝርዝር ሲሆን ደግሞ የአንዱ ብር ከሌላው ስም ትይዩ ይቆማል።

ይህ ልማድ ምክንያት አለው፤ ማንንም አልወቅስም። በቀድሞው የጽሕፈት መኪና ፊደላቱ ሁሉ እኩል ስፋት ነበራቸው፤ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ማሰለፍ ይቻል ነበር። በኮምፒውተር ግን ሰፊው ፊደል ሰፊ፣ ጠባቡም ጠባብ ቦታ ይይዛል፤ ቆጠራው አይሠራም። የሚገርመው፣ የጽሕፈት መኪናዎቹም ታብ ነበራቸው፤ ጸሐፊዋ በጋሪው ጀርባ ያሉትን መቆሚያ ጥርሶች በምትፈልገው ቦታ ትተክላለች፤ ታብን ስትጫን ጋሪው ሮጦ እዚያው ይቆማል። በኮምፒውተሩ ያው ነው። በገጹ አናት ካለው ማስመሪያ ላይ «ቁጥር» እንዲጀምር በምትፈልጉበት ቦታ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጉ፤ ትንሽ ምልክት ይቀመጣል። ከዚያ ታብን አንድ ጊዜ ተጫኑና ጻፉ። ቀጣዩን መስመርም እንዲሁ። ፊደሉ ቢቀየርም ቦታው አይናወጥም። ለገንዘብ ዝርዝር ደግሞ ቁጥሮችን በነጥባቸው የምታሰልፍ የታብ ዓይነት አለች፤ ብር ከብር፣ ሳንቲም ከሳንቲም በታች ይውላል። የሰው ደመወዝ የሚነበብበት ወረቀት ይህን ያህል ክብር ይገባዋል።

ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች ታብን ሌላ መልክ ታውቋታላችሁ። ለኮምፒውተሩ እሷ ባዶ ቦታ ሳትሆን የራሷ ቁጥር ያላት ምልክት ናት፤ ለፊደላትና ለምልክቶች ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ ቁጥሯ 9 ነው። ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 የፕሮግራም ክፍሎችን በቅደም ተከተል የሚያገጣጥመውን ሜክ የተባለ ፕሮግራም ሲሠራ የትእዛዝ መስመሮች በታብ እንዲጀምሩ አደረገ። ነገሩ እንደሚያስቸግር ሲገባው ቀድሞ ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ የእነሱን ሥራ ላለማበላሸት ተወው። ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ ሰዎች በታብ ፈንታ ባዶ ቦታ እየጻፉ ስሕተቱን ፍለጋ ያመሻሉ፤ ሁለቱ በዓይን ስለማይለዩ። ዛሬ የጥቂት ሰዎችን ምቾት ስትጠብቁ ነገ የሚመጡትን ብዙዎች አስቡ እላለሁ፤ እናንተም የምትሠሩት ነገር ሊሰፋ ይችላል።

በመጨረሻ ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ልምጣ። ያቺ ቁልፍ በድረ ገጽ ቅጽ ላይ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሚቀጥለው ታሻግራለች፤ ከሺፍት ጋር ስትጫኗት ወደ ኋላ ትመልሳለች። ማውስ ለያዘ ሰው ይህ አማራጭ ነው። ለዓይነ ስውር ግን ዋና መንገዱ ይህ ነው። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንቪዲኤ የተሰኘ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ፤ በነፃ ይሰጣል። ተማሪው ታብን ሲጫን ድምፁ «ስም» ይለዋል፣ ስሙን ይጽፋል፤ ደግሞ ሲጫን «የአባት ስም» ይለዋል። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው፣ ማውስ ማንቀሳቀስ የማይችል ሰውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

የአንድ ዓይነ ስውር ተማሪን የአገልግሎት ቅጽ ሙከራ አጠገቡ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ድምፁ ከ«ስም» ተነሥቶ በቀጥታ «ላክ» ወደሚለው ዘለለ፤ ከዚያ ወደ ገጹ አናት ተመለሰ፤ ከዚያ ስም የሌላቸውን ሳጥኖች «ጽሑፍ፣ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ» እያለ ቆጠረ። የልደት ቀን መምረጫው ውስጥ ሲገባ ደግሞ መውጫ አጣ፤ ታብ ቢጫን እዚያው ይዞረዋል። ቅጹን የሞላሁለት እኔ ነኝ፤ የግል መረጃውን ጮክ ብሎ ነግሮኝ። አዋቂ ወጣት ነው፤ የሁለታችንም ፊት ቀላ። ቅጹን የሠራው ክፉ ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ሥራውን በማውስ ብቻ ነው የሞከረው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ሁሉም ነገር በኪቦርድ ብቻ እንዲሠራ፣ ተጠቃሚ የትም ገብቶ መውጫ እንዳያጣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በግልጽ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወደየክፍላችሁ ስትመለሱ ይህን አድርጉልኝ። የሠራችሁትን ወይም ጓደኛችሁ የሠራውን አንድ የአማርኛ ቅጽ ክፈቱ፤ ማውሱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። በታብ ብቻ ከላይ ጀምራችሁ እስከ «ላክ» ሂዱ። ቅደም ተከተሉ ሰው ከሚያነብበት ቅደም ተከተል ጋር ይስማማል? የተመረጠውን ሳጥን የሚከብበው መስመር ይታያል? ለውበት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው፤ እሱ ሲጠፋ የሚያይ ሰው እንኳ የት እንዳለ አያውቅም። ከዚያ ኤንቪዲኤን ጫኑና ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እያንዳንዱ ሳጥን ስሙን ይናገራል? የአማርኛውን መለያ የሚያነብ ድምፅ መመረጡን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የቀን መምረጫው ውስጥ ገብታችሁ ውጡ። ስሕተት ሞልታችሁ «ላክ» በሉት፤ የስሕተቱ መልእክት በቀይ ቀለም ብቻ ከታየ ለማያይ ሰው እንዳልተነገረ ቁጠሩት። ያገኛችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ ኮምፒውተሮቹን ከፍተን እናርመዋለን።